ሠላሳ አንደኛው ተፈታኝ

አባይ በረሃ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ አጋማሽ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፤ መምህርቷና ተማሪዎቹ ለመስክ ፈተና ወደ ታችኛው ኩርባ ወርደው፣ ዳር ይዞ በቆመው የዩኒቨርሲቲ አውቶቡስ ዘንድ ሾፌሩ ጋሽ ወርቄና የጂኦሎጂ ጀማሪ ተማሪዋ ሲፈን ብቻ ቀርተዋል።

ሲፈን፦ ጋሽ ወርቄ፣ ሻንጣዬን ያውርዱልኝ አልኩ እኮ! ስንቴ ልለምንዎት?

ጋሽ ወርቄ፦ እኔስ ስንቴ እምቢ ልበልሽ? አላወርድም።

ሲፈን፦ ሻንጣው የኔ ነው!

ጋሽ ወርቄ፦ ጣሪያው ደግሞ የኔ ኃላፊነት ነው። በዚያ ላይ አንቺ ዛሬ ጠዋት ሆድሽ ውስጥ የነበረውን ሁሉ መኪናዬ ውስጥ አውርደሽልኛል። ለአንድ ቀን የወረደው ይበቃል።

ሲፈን፦ ይቅርታ ጠየቅኩ እኮ! ፌስታሉ ቀዳዳ መሆኑን በምን ልወቅ?

ጋሽ ወርቄ፦ አይዞሽ፣ አትፈሪ። ይሄ መንገድ ስንቱን ጀግና አስመልሷል። እዚያ ታች ኮፍያ አድርጋ እንደ ጄኔራል የምትቆጣው ዶክተር ምንትዋብ፣ ያኔ ተማሪ ሳለች የት እንዳስታወከች ታውቂያለሽ?

ሲፈን፦ ዶክተር?! የት?

ጋሽ ወርቄ፦ ባርኔጣዬ ውስጥ። አዲስ ነበረ።

ሲፈን፦ ውይ! አያስቁኝ፣ ሆዴ ገና አልረጋም። ደግሞ አያዘናጉኝ። ሽቅብ የሚወጣ ሚኒባስ ሲመጣ ተሳፍሬ ጎሃ ጽዮን፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ፣ እናቴ ቤት። በቃ፣ አለቀ።

ጋሽ ወርቄ፦ ፈተናውስ?

ሲፈን፦ የምን ፈተና? አንድ በአንድ እየጠራች ገደል ፊት ታቆምና «አንብቡልኝ» ትላለች። ገደል ይነበባል? ሌሎቹስ ጠዋት ሙሉ ማብራሪያ ሰምተዋል። እኔ የሰማሁት የሆዴን ጩኸት ነው።

ጋሽ ወርቄ፦ ብትወድቂ ምን ይመጣል?

ሲፈን፦ መባረር ነዋ! ባለፈው ወሰነ ትምህርት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ተባርሬ ከምሄድ በገዛ እግሬ ብሄድ አይሻልም?

ጋሽ ወርቄ፦ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል ሰምቻለሁ። ሳይወድቅ ምሳሩን ራሱ ይዞ የሚዞር ዛፍ ግን አንቺን አየሁ።

ሲፈን፦ ጋሽ ወርቄ ይሙቱ፣ መርጬው ቢሆን አያናድደኝም። ሕግ ብዬ ሞላሁ። ፋርማሲ ብዬ ሞላሁ። ጂኦሎጂ አሥራ አራተኛ ምርጫዬ ነበር! ቅጹ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው የጻፍኩት። ጠበቃ ልሆን የነበርኩ ልጅ ድንጋይ ልቀጥቅጥ?

ጋሽ ወርቄ፦ ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል።

ሲፈን፦ የሰጡኝ ድንጋይ ነው! ድንጋይ ይዞ ማን ያለቅሳል?

ጋሽ ወርቄ፦ እግሩ ላይ የወደቀበት። ነይ ውረጂ፣ ነፋስ ይንካሽ። ሎሚሽን ያዥ። እንዋዋል፤ ጠበቃ ነኝ ብለሻል አይደል?

ሲፈን፦ እሺ፣ ውሉ ምንድን ነው?

ጋሽ ወርቄ፦ ሽቅብ የሚወጣ፣ ባዶ ወንበር ያለው መኪና እስኪመጣ ድረስ ታጫውቺኛለሽ። መኪናው የመጣ ሰዓት ሻንጣሽን በገዛ እጄ አወርዳለሁ። ቃሌ ነው።

ሲፈን፦ ስለ ምን ነው የምንጫወተው?

ጋሽ ወርቄ፦ ስለ ድንጋይ።

ሲፈን፦ አውቄዋለሁ! ይሄ ወጥመድ ነው። እርስዎ ደግሞ ስለ ድንጋይ ምን ያውቃሉ?

ጋሽ ወርቄ፦ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦሎጂ አመላልሻለሁ፣ ልጄ። አንድን ማብራሪያ ሃያ ስድስት ጊዜ የሰማ በቀቀንም ዶክተር ይሆናል።

ሲፈን፦ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ስለኖረ ዋና አይለምድም ይባላል።

ጋሽ ወርቄ፦ ሰደበችኝ! ግን ስድብሽም ስለ ድንጋይ ሆነ። ትምህርቱ ተጀምሯል ማለት ነው።

ሲፈን፦ ቆይ እንግዲያው በደንብ እንጀምር። ማስታወሻዬ ወንበሩ ላይ ነው፣ ላምጣ… ጋሽ ወርቄ! ዝንጀሮ! ዝንጀሮ መስኮቱ ላይ! ማስታወሻዬን!

ጋሽ ወርቄ፦ ሂድ! ሂድ አንተ! መስኮት ዝጉ ብዬ ለፍልፌ ነበር! ሂድ!

ሲፈን፦ ገደሉ ላይ ወጣ! ኧረ ተቀመጠ! ኧረ… ገለጠው!

ጋሽ ወርቄ፦ ዘቅዝቆ ነው የያዘው።

ሲፈን፦ እኔም እንደዚያው ነበር የማጠናው። ውይ! ምዕራፍ ሁለትን በላው!

ጋሽ ወርቄ፦ ምዕራፍ ሁለት ምን ነበር?

ሲፈን፦ ማዕድናት።

ጋሽ ወርቄ፦ ተዪው ይብላ፤ ለአጥንት ጥሩ ነው።

ሲፈን፦ ይስቃሉ? አሁንማ ምንም የለኝም። ከኔ ይልቅ እሱ ቢፈተን ያልፋል!

ጋሽ ወርቄ፦ ዓይንማ አለሽ። ወረቀቱን ዝንጀሮ ከወሰደው ትምህርቱንም ዝንጀሮ ይስጥሽ። ዝንጀሮ ምን አለች?

ሲፈን፦ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች።

ጋሽ ወርቄ፦ ጨረስሽ! ግማሹን ኮርስ ጨረስሽ! ገደል የሚነበበው ከመቀመጫው ነው። አሁን ንገሪኝ፣ ሻንጣሽ ጣሪያው ላይ የት ነው ያለው?

ሲፈን፦ ከሁሉም ሥር! ለዚያ አይደል ማውረዱ የከበደዎት?

ጋሽ ወርቄ፦ ለምን ከሥር ሆነ?

ሲፈን፦ ቀድሜ ስለመጣሁ።

ጋሽ ወርቄ፦ ከሁሉም በላይስ?

ሲፈን፦ የዚያ ሁሌ የሚያረፍደው ልጅ ጊታር። አውቶቡሱ ተንቀሳቅሶ ነው ሮጦ የደረሰው።

ጋሽ ወርቄ፦ ሰዓት አላየሽም፣ ማንንም አልጠየቅሽም። ክምሩን አይተሽ ማን ቀድሞ ማን ዘግይቶ እንደመጣ ነገርሽኝ። ገደሉም ጭነት ነው። ሥር ያለው ቀዳሚ፣ አናት ላይ ያለው ያረፈደው። ማንም ካልገለበጠው በቀር።

ሲፈን፦ ይሄ ነው? ዶክተር ሠላሳ ስላይድ የጨረሰችበት ይሄ ነው?

ጋሽ ወርቄ፦ ይሄው ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ድንጋይ የጠላች ልጅ ከሁሉም ቀድማ ምን ልትሠራ መጣች?

ሲፈን፦ መስኮት ዳር… ልቀመጥ ብዬ ነው።

ጋሽ ወርቄ፦ እህ።

ሲፈን፦ «እህ» አይበሉኝ! ለሚያስመልሰው ሰው መስኮት ግዴታ ነው።

ጋሽ ወርቄ፦ ምን አልኩ? በይ ማዶውን እዪ። ከአናቱ ጀምሪና ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፤ ስሙን ተዪው።

ሲፈን፦ ከላይ ጥቁር ነው፤ እንደ ደረጃ የተሰባበረ። ከሥሩ ቀላ ያለ። ከዚያ ግራጫ፣ ልክ መጻሕፍት እንደተነባበሩበት መደርደሪያ። ቀጥሎ ነጣ ነጣ ያለ፣ ጀሶ የሚመስል…

ጋሽ ወርቄ፦ የሚመስል አይደለም፣ ራሱ ነው! ጀሶ የሚሠራው ከዚያ ዓይነት ድንጋይ ነው። የቤትሽ ኮርኒስ እዚያ ተኝቷል።

ሲፈን፦ ወይኔ! ከሁሉም ሥር፣ ወንዙ አጠገብ ደግሞ ቀይ ቡኒ አለ። በቃ፣ ቀይ ቡኒው አባት ነው፣ ጥቁሩ የመጨረሻ ልጅ።

ጋሽ ወርቄ፦ እልል በሉ! «ገደል ይነበባል?» አለች። አንብበሽ ጨረስሽው እኮ!

ሲፈን፦ ቀለም ነው የቆጠርኩት። ምንነቱን መቼ አወቅኩ?

ጋሽ ወርቄ፦ ምንነቱንማ ሎሚሽ ይነግረናል። እነሆ፣ ይሄ መንገዱ ዳር የተቆረጠው ግራጫው ነው። በዚህ ምስማር ፋቅ ፋቅ አድርጊና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት።

ሲፈን፦ ይሄ ሎሚ እኮ መድኃኒቴ ነው… እሺ። ፋቅሁ። ጨመቅኩ። ምንም የለ… ቆይ! ጋሽ ወርቄ! ተፍለቀለቀ! ድንጋዩ ለስላሳ መጠጥ ሆነ!

ጋሽ ወርቄ፦ ጆሮሽን አስጠጊ።

ሲፈን፦ ሽሽሽ ይላል! በስመ አብ! እየተነፈሰ ነው!

ጋሽ ወርቄ፦ የኖራ ድንጋይ ነው። ውስጡ የታመቀ ጋዝ አለ፤ ሎሚ ሲነካው ይለቀዋል። አሁን ይሄን ጥቁር ጠጠር እንደዚያው አድርጊው።

ሲፈን፦ ፋቅሁ። ጨመቅኩ… ዝም። ይሄ ኩሩ ነው።

ጋሽ ወርቄ፦ ስለዚህ ዘራቸው ለየቅል ነው። እስቲ ደግሞ ግራጫውን ጠጋ ብለሽ እዪው። እዚህ ጋ፣ አውራ ጣቴ ሥር።

ሲፈን፦ ይሄ ጥምዝምዙ? ቀንድ አውጣ ነው እንዴ? ድንጋይ ውስጥ ምን ገባ? ዛጎል ነው! ጋሽ ወርቄ፣ ይሄኛውም ዛጎል ነው! ግድግዳው ሞልቷል!

ጋሽ ወርቄ፦ ባሕር ነበረ። እግርሽ ያለበት ቦታ ዓሣ ይዋኝበት ነበር። የባሕር እንስሳት ሲሞቱ ዛጎላቸው እየረገፈ፣ እየተነባበረ፣ እየተጫነ ድንጋይ ሆነ።

ሲፈን፦ አሁን ገባኝ! እኔን ያቅለሸለሸኝ መኪናው አይደለም፣ የባሕር ጉዞው ነው!

ጋሽ ወርቄ፦ ሃ! ይቺን ለዶክተር እንዳትነግሪያት፣ በሚቀጥለው ዓመት የራሷ ቀልድ ታደርጋታለች።

ሲፈን፦ ቀይ ቡኒውስ? እሱም ባሕር ነው?

ጋሽ ወርቄ፦ እሱ አሸዋ ነው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል አይደል? የጥንት ወንዞችም እንደዚያው ነበሩ፤ አሸዋ ይዘው ዞሩ። ሲደክማቸው ጣሉት፣ በላዩ ሌላ ጣሉበት፣ ተጨመቀ፣ ተጣበቀ። ባሕርም ይጣለው ወንዝ፣ ተጥሎ ተነባብሮ የተሠራውን ደለል ድንጋይ ነው የሚሉት።

ሲፈን፦ ጥቁሩን ማን ጣለው ታዲያ?

ጋሽ ወርቄ፦ እሱን ማንም አልጣለውም። ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ ነው።

ሲፈን፦ እንደኔ ጠዋት?

ጋሽ ወርቄ፦ ልክ እንዳንቺ፤ እሱም ፌስታል አልያዘም። ፈሰሰ፣ ተዘረጋ፣ በረደና ባዛልት ሆነ። የእሳት ድንጋይ። አንቺ እኮ የእሱ ዘመድ ነሽ፤ ቢሾፍቱ አይደለሽ? ሐይቃችሁ ለምን ክብ ሆነ?

ሲፈን፦ እኔ እንጃ። እግዜር በብርጭቆ ለክቶት?

ጋሽ ወርቄ፦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ነው። ኋላ ውሃ ሞላበት።

ሲፈን፦ አይደለም ይበሉኝ! እናቴ እኮ ልብስ የምታሰጣው እዚያ አፋፍ ላይ ነው! እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ነው አንሶላ የምናሰጣው?

ጋሽ ወርቄ፦ ቶሎ አይደርቅም?

ሲፈን፦ እስክስታ አማረኝ! ሃያ ዓመት ኖሬበት አንድ ሰው አይነግረኝም? ዛሬ ደውዬ ካልነገርኳት እኔ ሲፈን አይደለሁም… ጋሽ ወርቄ፣ መኪና! አይሱዙ ሽቅብ እየመጣ ነው!

ጋሽ ወርቄ፦ እጅሽን ዘርጊ እንግዲህ። ውል ውል ነው።

ሲፈን፦ ቆመ! … ምን አለ ረዳቱ?

ጋሽ ወርቄ፦ ጋቢናው ሞልቷል፣ ከኋላ ሽንኩርቱ ላይ ትውጣ ይላል። አናቱ ላይ፤ እንደ ባዛልት።

ሲፈን፦ ሽንኩርት ላይማ አልቀመጥም! ሂድ ይበሉት። ሂድ፣ አመሰግናለሁ!

ጋሽ ወርቄ፦ ቅድም እኮ በአህያም እሄዳለሁ የምትዪ ነበር የምትመስዪው።

ሲፈን፦ የሽንኩርት ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ደግሞ ውሉ ባዶ ወንበር ነው የሚለው፤ ሽንኩርት ወንበር አይደለም። ይልቅ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ይሄ ሁሉ ስንት ዓመት ፈጀ? ዶክተር ሚሊዮን፣ ቢሊዮን ስትል እንቅልፌ ይመጣል።

ጋሽ ወርቄ፦ እኔም ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር። ኋላ በራሴ ቋንቋ ሠራሁት፤ በኪሎ ሜትር። ከአዲስ አበባ እዚህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምድር ስትፈጠር ከአዲስ አበባ ተነሣን፣ አሁን ይሄ የአውቶቡሱ የፊት መከላከያ ጋ ደረስን እንበል።

ሲፈን፦ እሺ። ዛጎሎቹ የት ተሳፈሩ?

ጋሽ ወርቄ፦ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን።

ሲፈን፦ ባዛልቱስ?

ጋሽ ወርቄ፦ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ሲቀረን። ገና የላይኞቹን ኩርባዎች ስንጠመዘዝ።

ሲፈን፦ ሰውስ? የሰው ልጅ በሙሉ፣ አዳምና ሔዋን፣ ነገሥታቱ፣ ጦርነቱ፣ አሥራ አራተኛ ምርጫዬ?

ጋሽ ወርቄ፦ አውቶቡሱን እዪው። ከኋላ መከላከያው እስከ ፊት መከላከያው፤ የሰው ልጅ ጠቅላላ ይቺ ናት።

ሲፈን፦ አውቶቡሱ ብቻ?

ጋሽ ወርቄ፦ አውቶቡሱ ብቻ። ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር።

ሲፈን፦ …ፀጉሬ ቆመ። ይዩት ክንዴን! እና እኔ አንድ ወሰነ ትምህርት ተበላሸ ብዬ… እሱ ቀለም እንኳ አይሆንም። የመከላከያው ቀለም!

ጋሽ ወርቄ፦ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ሰዎች ጂኦሎጂ ሳይማሩ አልቀሩም።

ሲፈን፦ ሌላ! ሌላ ይንገሩኝ!

ጋሽ ወርቄ፦ ሌላማ የራሴ ግኝት አለኝ። መምህራኑ ይሄ ኩርባ ላይ ቆመው አያውቁም፤ ጠባብ ነው ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ጎማ በተነፈሰ ቁጥር እዚሁ ነኝ። እዚያ፣ ከግራጫው ግድግዳ ግርጌ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ድንጋይ ይታይሻል?

ሲፈን፦ እንደ በር መቃን የቆመው? አየሁት። እስከ ላይ ድረስ ወጥቷል።

ጋሽ ወርቄ፦ እሱ ነው። ባዛልት ነው። ሥሩ ከሁሉም በታች ነው፤ ስለዚህ ከግራጫው ይበልጣል፤ የሁሉም ታላቅ። ግራጫው በኋላ መጥቶ ዙሪያውን ከበበው። ይሄን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሲፈን፦ እምም።

ጋሽ ወርቄ፦ ምን «እምም»?

ሲፈን፦ ቆይ፣ ጠጋ ብዬ ልየው… ጋሽ ወርቄ፣ ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተቃውሞ አለኝ።

ጋሽ ወርቄ፦ ተቃውሞ?! ጠዋት ሆዷን ይዛ የነበረች ልጅ?

ሲፈን፦ የግራጫውን ንብብር ይቁጠሩልኝ። ከጥቁሩ በስተግራ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ቀጭን፣ ወፍራም። በስተቀኝስ?

ጋሽ ወርቄ፦ ወፍራም፣ ቀጭን… ቀጭን… ወፍራም።

ሲፈን፦ አንድ ድፎ ዳቦ ነው! መሀሉን ነው የተቆረጠው። ጥቁሩ ቀድሞ ቆሞ ቢሆን ግራጫው እየተጠጋ ሲተኛበት ይንጋደድ ነበር። ይሄ ግን ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ተቆርጦ፣ ማዶ ይቀጥላል። ቢላ ዳቦው ሳይጋገር ዳቦ ቆርጦ ያውቃል?

ጋሽ ወርቄ፦ ሥር ያለው ቀዳሚ ነው አልን እኮ!

ሲፈን፦ ለሚተኛ ነው! ለሚነባበር! ይሄ አልተኛም፣ ቆሟል። ከታች ሰንጥቆ ነው የመጣው። ሁለተኛ ማስረጃ፦ ጥቁሩን የነካውን የግራጫውን ጠርዝ ይዳስሱት።

ጋሽ ወርቄ፦ ጠጣር ነው። የሚያብረቀርቅ… እንደ ስኳር።

ሲፈን፦ ሌላው ግራጫ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ለምን ነጣ? ተጠብሷላ! ትኩሱ ድንጋይ ሲያልፍ ጠበሰው! ያው ድንጋይ በሙቀት ሲለወጥ ምን ይባላል? ምን ነበር? ምዕራፍ… ያ ዝንጀሮ በላው… እብነ በረድ! ሦስተኛው ዘር! ተለዋጩ ድንጋይ! ጋሽ ወርቄ፣ ሦስቱም እዚህ አሉ፤ ደለሉ፣ እሳቱ፣ ተለዋጩ፤ ሁሉም በአንድ ክንድ ርዝመት ውስጥ!

ጋሽ ወርቄ፦ እስቲ ደግሜ ልዳስሰው።

ሲፈን፦ ሦስተኛ ማስረጃ! ጥቁሩ ውስጥ የነጭ ስባሪ አለ፤ ይሄው። ሌባው የሰበረውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ተገኘ! ያልነበረ ነገር ይሰረቃል? ግራጫው ነው ታላቅ፣ ጥቁሩ ነው ታናሽ። ጨርሻለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት!

ጋሽ ወርቄ፦ እስኪርብቶ አለሽ?

ሲፈን፦ አለኝ። ለምን?

ጋሽ ወርቄ፦ ስጪኝ።

ሲፈን፦ ምንድን ነው ከኪስዎ ያወጡት? ደብተር ነው? ገደሉን ስለውታል! ቀለም ቀብተውታል! ጋሽ ወርቄ፣ ይሄ ከኔ ማስታወሻ ይበልጣል እኮ። ለምን ይሰርዙታል? አኮረፉ?

ጋሽ ወርቄ፦ አላኮረፍኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስቼው የኖርኩትን ነው የምሰርዘው። እንኳን ዛሬ ነገርሽኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልናገረው ነበር።

ሲፈን፦ ለማን?

ጋሽ ወርቄ፦ ለዶክተር። በሰው ፊት።

ሲፈን፦ አልገባኝም።

ጋሽ ወርቄ፦ ሰኔ ላይ ጡረታ ነኝ። ስድሳ ሞላኝ። ዶክተር ምንትዋብ ደግሞ ትምህርት ክፍሉ የመስክ ረዳት ይቅጠር፣ እሱም ወርቄ ይሁን ብላ ተሟገተችልኝ። «ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሾፌር?» አሏት። «እንደ ተማሪዎቼ እፈትነዋለሁ፣ ካላለፈ ራሴ እምቢ እላለሁ» አለች። የዛሬው ዝርዝር ላይ ሠላሳ አንድ ስም ነው ያለው።

ሲፈን፦ ተማሪው ሠላሳ ነው። …እርስዎ?

ጋሽ ወርቄ፦ እኔ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። የሚያስመልሰው አንቺን ብቻ መሰለሽ?

ሲፈን፦ ውይ ጋሽ ወርቄ! እና እኔን ያስቀሩኝ…

ጋሽ ወርቄ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሹ ለአንቺ ነው፣ ግማሹ ለራሴ። የምለማመድበት ሰው አጣሁ። ለሚስቴ ስነግራት በሁለተኛው ንብብር ላይ ትተኛለች።

ሲፈን፦ እኔን መለማመጃ አደረጉኝ! ሃሃ! እኔ ደግሞ ያዘኑልኝ መስሎኝ!

ጋሽ ወርቄ፦ ስሚ፣ ጥሩምባ ነው። ሚኒባስ። ሽቅብ ነው የሚሄደው… አንድ ባዶ ወንበር አለው፤ ያውም ጋቢና። ቃል ቃል ነው፤ ጣሪያው ላይ ልውጣ።

ሲፈን፦ ቆይ።

ጋሽ ወርቄ፦ ቆሞልሻል እኮ፣ ልጄ። እየጠበቀ ነው።

ሲፈን፦ ቆይ አልኩ! አንድ ነገር እያሰብኩ ነው። ይሄ ጥቁር ከታች ሰንጥቆ ወደ ላይ ወጣ። አናቱ ላይ ያለውም ጥቁር ነው። ሁለቱም ባዛልት፣ ሁለቱም ታናሽ። ጋሽ ወርቄ… ይሄ መንገዱ ቢሆንስ? የላይኛው ጥቁር የወጣበት ጉሮሮ ቢሆንስ?

ጋሽ ወርቄ፦ …እናቴ ትሙት፣ አስቤው አላውቅም።

ሲፈን፦ ያ ሁሉ ተራራ በዚች ስንጥቅ ወጥቶ ቢሆንስ? እንዴት ይጣራል? ሁለቱን ቆርጦ በአጉሊ መነጽር ማየት? ዶክተርን መጠየቅ አለብኝ። አሁኑኑ!

ጋሽ ወርቄ፦ ሾፌሩ ተናደደ። ምን ልበለው?

ሲፈን፦ ሂድ ይበሉት! ወንድሜ፣ ሂድ! ተሳፋሪዋ ሥራ ይዛለች!

ጋሽ ወርቄ፦ ሄደ። ጎበዝ! … ወይ ፈጣሪዬ።

ሲፈን፦ ምነው?

ጋሽ ወርቄ፦ ዶክተር ከታች እጇን እያውለበለበች ነው። በሁለት ጣት። ሁለታችንንም ነው የምትጠራው።

ሲፈን፦ እንውረዳ!

ጋሽ ወርቄ፦ ሲፈን ልጄ፣ ሁሉም ጠፋብኝ። ከላይ ምን ነበር? ጥቁር? ቀይ? ሞተሩ ጋለ በዪልኝ። ፍሬኑ እምቢ አለ በዪልኝ።

ሲፈን፦ አይሆንም! ዝንጀሮ ምን አለች?

ጋሽ ወርቄ፦ የመቀመጫዬን… ከሥር። አሸዋው። ከዚያ ጀሶው። ከዚያ ባሕሩ። ቀላ ያለው። እሳቱ።

ሲፈን፦ አላጡትም! አለ!

ጋሽ ወርቄ፦ ድንጋዩንስ እሺ። «ለምን ይሄን ሥራ ፈለግህ?» ብትለኝስ? ለሱ ደብተሬ ላይ መልስ የለም።

ሲፈን፦ ለኔ ይንገሩኝ። ለምን ፈለጉ?

ጋሽ ወርቄ፦ እኔ እንጃ። ሠላሳ ልጅ እያኮረፈ ይወርዳል። ድንጋይ አስጠልቶት። ማታ ስንመለስ መኪናው ዳገት እምቢ ይለኛል። ምን ሆነ ብዬ ወርጄ ሳይ፣ የሁሉም ኪስ፣ የሁሉም ቦርሳ፣ ከወንበር ሥር ሳይቀር ጠጠር ሞልቶታል። ያንን ዳገት መውጣት ነው የምወደው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሲፈን፦ …ይቺን ብቻ ይንገሯት። ልክ እንደዚህ፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩ።

ጋሽ ወርቄ፦ ይቺ መልስ ታሳልፈኛለች ትያለሽ?

ሲፈን፦ ዶክተርም እኮ በአንድ ወቅት በርስዎ መኪና ጠጠሯን ይዛ ወጥታለች። ይውረዱ፣ እኔ እቀድማለሁ። ጥቁሩን ድንጋይ ግን እንዳይነኩብኝ፣ ጋሽ ወርቄ፤ እሱ የኔ ነው።